ከሚሺጋን ቤንዚን አይቀዳም

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ሐሙስ ይውላል። ዓርብ ሰው ከተረፈው ተርኪ ጋር ሲታገል ይውላል። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የኦሃዮዋ ኮለምበስ ሰው ተነሥቶ፣ ሦስት ሰዓት ነድቶ፣ ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር ድረስ ሊሰደብ ይሄዳል። የሚሰደብበትን ቦታ ቲኬት በገዛ ገንዘቡ ገዝቷል፤ ገንዘቡም ዞሮ ዞሮ የሚገባው ባለጋራው ኪስ ነው።

የኮለምበሱ ኦሃዮ ስቴትና የአን አርበሩ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች በአሜሪካ ፉትቦል መጀመሪያ የተጋጠሙት በ1897 ነው፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመቱ ጎዶሎ ሲሆን ጨዋታው አን አርበር፣ ሙሉ ሲሆን ኮለምበስ ይደረጋል። በእኛ አቆጣጠር ላስላው ያለ ሰው ኅዳር ላይ ሰባት ስለሚቀንስ ጎዶሎው ሙሉ ይሆንበታል፤ ጓደኞቹ ሚሺጋን ሲደርሱ እሱ ኮለምበስ የባዶ ስታዲየም በር ላይ ቆሞ ይደውላል። በሰዓቱም ያው መከራ ነው። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው እኩለ ቀን ላይ ነው። ስልኩ 12 ሰዓት ይላል፣ እትዬ 6 ሰዓት ይላሉ፣ “በ12 ሰዓት ነው” የተባለው እንግዳ ደግሞ ለማታ ይዘጋጃል። ለሐበሻ ሲነገር “ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን” ማለቱ ይሻላል፤ በኅዳር ሚሺጋን ላይ ፀሐይ ከታየች።

የጨዋታው ሳምንት ኦሃዮ ስቴት ግቢ ውስጥ ኤም የምትባል ፊደል ትታገዳለች። በየሰሌዳው፣ በየሕንጻው ስም ላይ ያለችው ኤም ቀይ ቴፕ በመስቀልያ ይለጠፍባታል። እንግሊዝኛ አንድ ፊደል ቢያጣ ብዙም አይጎዳም። እኛ እንዲህ ያለ ሕግ ብናወጣ ግን ከመ እስከ ሞ ሰባቱም ይሄዳሉ። ምሳ “ሳ” ትሆናለች፤ እማማ ከነክብራቸው “እ” ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ “ቤንዚን አልቀዳም” ያለው ሰውዬም “አልቀዳ” ብሎ ይቆማል፣ እምቢ ማለቱ ይሁን ፈቃድ መጠየቁ ሳይታወቅ።

ከ1951 እስከ 1978 ኦሃዮ ስቴትን ያሠለጠነው ዉዲ ሄይስ ሚሺጋንን በስሟ አይጠራም ነበር፤ “ያ ወደ ሰሜን ያለው ስቴት” ነበር የሚላት። ምራት አማቷን በስም በማትጠራበት አገር ላደገ ሰው ይሄ ብርቅ አይደለም። ምራቷ ስሙን የማትጠራው አክብራ ነው እንጂ ጠልታ አይደለም የሚል ካለ፣ ምራቶችን ይጠይቅ።

የጉዞው ዋና ሕግ የተወረሰው ከዚሁ ከሄይስ ነው። አንድ ቀን ከሚሺጋን ሲመለስ ቤንዚን ሊያልቅበት ሲል፣ ለዚያ ስቴት ሳንቲም ከምከፍል መኪናውን ገፍቼ ድንበር እሻገራለሁ ብሎ አሻፈረኝ አለ እየተባለ ይወራል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ሰዉ ዛሬም ቤንዚን የሚሞላው በዚህ ሃይማኖት ነው።

ሒሳቡ እነሆ። ከኮለምበስ አን አርበር 190 ማይል ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 380። በጋሎን 30 ማይል የምትሄድ የቤት መኪና ከ13 ጋሎን ያነሰ ይበቃታል፤ አንድ ጊዜ ጢም ብላ ከወጣች ሚሺጋንን ሳትቀምስ ቤቷ ትገባለች። ሰባት ሰው፣ ፍርግርግና ከሰል የጫነች ቫን ግን በጋሎን 20 ብትሄድ 19 ጋሎን ትጠጣለች፣ ታንኳ የሚይዘውም በዚያው ገደማ ነው። ስለዚህ ብልህ ነጂ ድንበሩን ሳያልፍ ቶሊዶ ላይ ይሞላል። ከዚያ አን አርበር ደርሶ ለመመለስ 100 ማይል፣ ለቫኗ አምስት ጋሎን ነው። አምስቱን ጋሎን ለሚሺጋን ነፈግኳት ብሎ ደረቱን የነፋው ሰው ታዲያ፣ አን አርበር ሲደርስ የሰው ግቢ ሣር ላይ መኪና ለማቆም አሥር ጋሎን የሚገዛ ብር ይቆጥራል። ለቲኬቱ የከፈለውንማ በጋሎን አናስላው፣ ልቡ ይሰበራል።

ቶሊዶ ራሷ የጠቡ መነሻ ናት። በ1835 ኦሃዮና ሚሺጋን ከተማዋን የያዘችውን ጠባብ መሬት የኔ ነው የኔ ነው ብለው ሚሊሺያ አሰልፈው ነበር። በጦርነቱ ደም የፈሰሰው የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጆሴፍ ዉድ የተባለ የሚሺጋን ምክትል ሸሪፍ መጠጥ ቤት ውስጥ በሰንጢ ተወጋና ዳነ። የወጋው ሰው ስም ሁለት ነው። ቁጥሩ ማለቴ አይደለም፣ ስሙ ነው። አባቱ ስቲክኒ የበኩር ልጁን “አንድ”፣ ተከታዩን “ሁለት” ብሎ ነበር ያወጣላቸው። በመጨረሻ ኦሃዮ ቶሊዶን ወሰደች፤ ሚሺጋን ማካካሻ ይሁንሽ ተብላ በሰሜን ያለውን ትልቅ ልሳነ ምድር ተቀበለችና በ1837 ስቴት ሆነች። መዳብና ብረት የወጣው ከዚያ ከማካካሻው ነው። ይሄን ቶሊዶ ማደያ ላይ ቆሞ ለኦሃዮ ደጋፊ ማስታወስ ግን አይመከርም።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ፈረንጁ ከጨዋታው በፊት ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ባለው የፓዮኒር ትምህርት ቤት ግቢ ወይም ጎልፍ ሜዳው ላይ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ሥጋ ይጠብሳል፤ ቴልጌት ይሉታል። ሐበሻውን የሚገጥመው ችግር ጾመ ነቢያት ነው። ኅዳር 15 ይገባል፣ ጨዋታውም ከዚያ ወዲህ ይውላል። በጎረቤት ፍርግርግ ላይ ስቡ ሲንቸሰቸስ የጾመኛው ፊት የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። ነገር ግን በብርድ ሜዳ የሚያሸንፈው ጾመኛው ነው። ዶሮ ወጥ ተከድኖ እስኪደርስ ሞቅ ያለ ቢሆንም፣ ሳህን ላይ በወጣ በአምስት ደቂቃ ቅቤው ረግቶ ላይ ላዩን ቢጫ ቆዳ ያወጣል፤ ማንኪያ ስታሳርፍበት ይሰነጠቃል። የሽሮ ዘይት አይረጋም። አፈ ሰፊ ፔርሙስ ይያዝ፤ መጀመሪያ የፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ ይቀመጥበትና ይደፋ፣ ከዚያ ሽሮው እየተንተከተከ እስከ አፉ ይሞላ። ጎደል ብሎ ከቀረ ቶሎ ይበርዳል። ሽሮው ከወትሮው ቀጠን ይበል፣ መንገድ ላይ ይወፍራል። እንጀራው ጥቅልል ብሎ በፎጣ፣ ፎጣው ከጋቢ ሥር። ክፍት የተተወ እንጀራ ዳርዳሩ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይቆረጠማል። ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፤ ቸኩሎ ጀበና የጣደ ሰው የሚጠጣው ጭስ ነው።

ቀለም ላይ ቀልድ የለም። ቀይና ግራጫ ኦሃዮ ነው፣ ቢጫና ሰማያዊ ሚሺጋን። ብርድ ይዟቸው ከወንበር ኋላ ያገኙትን ሰማያዊ ጃኬት የደረቡ እትዬ የገዛ ወገኖቻቸው በጎሪጥ ያዩዋቸዋል። ነጭ ጋቢ ግን ከሁሉም ወገን ነፃ ነው። ደጋፊዎቹ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የቡካይ (የኦሃዮ መለያ ዛፍ) ፍሬ መቁጠሪያ አይደለም፤ መርዛም ስለሆነም አይቀመስም። መንገድ ላይ የማያውቁት ሰው “ኦ ኤች!” ብሎ ሲጮህ መልሱ “አይ ኦ!” ነው፤ ኦሃዮ በፈረንጅ ፊደል ሲቆጠር ማለት ነው። እትዬ “አይ” የሚለውን ብቻ ሰምተው “ምን ጠይቋችሁ ነው እንዲህ በአንድ ድምፅ እምቢ የምትሉት?” ይላሉ።

የአን አርበሩ ስታዲየም በ1927 የተከፈተ ነው፤ 107,601 ሰው ይይዛል፣ አብዛኛው ክፍሉ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ያን ያህል አይመስልም። የሚቀመጡበት ቁጥር የተጻፈበት አግዳሚ ነው። ቁጥሮቹ የተሰመሩት በበጋ ልብስ ለለበሰ ሰው ይመስላል፤ በኅዳር እያንዳንዱ ሁለት ካፖርት ደርቦ ስለሚመጣ የረድፉ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው በግማሽ ጎኑ አየር ላይ ይቀመጣል። ብርዱ የሚገባው ከላይ አይደለም፣ ከእግር ነው። ሲሚንቶው ሙቀቱን በጫማ ሶል በኩል ይመጠዋል። መጠጥ ከሚሸጡት ባዶ ካርቶን ለምኖ እግር ሥር ማንጠፍ ውድ ከሆነ ቦት ይበልጣል። የጥጥ ካልሲ ላብ ይይዝና ይበርዳል፣ ሱፍ ይሻላል።

“ልጄ፣ እግር ኳስ ከሆነ ለምን በእጁ ይዞ ይሮጣል?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው፦ አንድ ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ዕድል አለው፤ ሦስቱ ከባከኑ በአራተኛው ኳሱን በእግሩ ወደ ሩቅ ይለጋዋል። እግር የሚመጣው ተስፋ ሲቆረጥ ነው። ኖቬምበር 25 ቀን 1950 ኮለምበስ ላይ በበረዶ አውሎ ነፋስ በተደረገው ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በጠቅላላው 45 ጊዜ ለግተዋል። ሚሺጋን አንድም ጊዜ 10 ያርዱን ሳትሞላ 9 ለ 3 አሸነፈች። “እግር ኳስ” የሚለው ስሙ ከጨዋታው ጋር የገጠመው ያን ቀን ነው።

ስድብ ይፈቀዳል፣ ባንዲራ ግን እቤት ይቅር። በ2024 ሚሺጋን ኮለምበስ ላይ 13 ለ 10 አሸንፋ ተጫዋቾቿ ሜዳው መሐል ባንዲራ ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሣ፣ ፖሊስ በርበሬ ረጨ፣ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች መቶ መቶ ሺህ ዶላር ተቀጡ። የአዋዜ አገር ሰው በርበሬን እንዲህ ሲያባክኑት ሲያይ ያዝናል።

ጨዋታው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። መኪና ሲያቆሙ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ትዝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው፦ “ከኋላዬ ሌላ መኪና ይቆማል?” ካልተጠየቀ፣ መውጫውን የዘጋው ሰውዬ ድሉን አክብሮ እስኪመጣ ሣሩ ላይ ቆሞ መንዘፍዘፍ ነው። ቀጥሎ መንገድ 23 ላይ የቀይ መብራት ሰልፍ።

በዚህ መሐል ሁለት ሦስተኛው ገደማ በሞላ ታንክ ከቤት የወጣችው ቫን፣ “ቶሊዶ ስንደርስ እንሞላለን” ተብሎ ቶሊዶ ሲደረስ አስታዋሹ ሁሉ ተኝቶ የታለፈባት፣ የሚሺጋኗ ዳንዲ አካባቢ ብርቱካናማ መብራቷን ታበራለች። ማደያው ከመውጫው ላይ ነው፣ ዋጋው ከመንገድ ይነበባል። ድንበሩ ገና 20 ማይል ያህል ይቀራል።

“እዚሁ እንቅዳ፣ ጋሼ።”

“አይቀዳም።”

ከዚያ ቤንዚን ለመቆጠብ ማሞቂያው ይጠፋል፤ ሰባት ሰው በሦስት ጋቢ ይጠቀለላል። የመኪና ማሞቂያ የሚሠራው ሞተሩ በሚጥለው ሙቀት ስለሆነ ቢጠፋ የሚተርፈው ቤንዚን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይሄን የሚያውቀው ልጅ ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ ነው፤ አፉ በጋቢ ተሸፍኗል።