መጽሐፉ ስልኬ ውስጥ ነው

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር መጽሐፉ እኛ ትምህርት ቤት እንዴት እንደደረሰ ልንገራችሁ፤ በቴሌግራም። መብራት ያልገባበት፣ ኔትወርክ ለማግኘት ከክፍሎቹ ጀርባ ያለውን ኮረብታ መውጣት የሚጠይቅ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። «ሶፍት ኮፒው ተልኮላችኋል፤ አውርዳችሁ አስተምሩ» ተባልን። በማን ስልክ? በማን ካርድ? የጠየቀ የለም።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ ታትሞ በቁጥቁጥ መጥቷል። የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ግን እስካሁን ስልኬ ውስጥ ነው። ስለዚህ በግራ እጄ ስልክ፣ በቀኝ እጄ ጠመኔ ይዤ እገባለሁ። እኔ ሰሌዳ ላይ እገለብጣለሁ፣ 61 ተማሪ ከሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፣ ደወሉ ይደወላል። ማስተማሩ ለነገ ይተላለፋል። ነገ ደግሞ የገበያ ቀን ነው፤ ግማሹ ክፍል ፍየል እየነዳ ይወርዳል።

ስልኩን የምሞላው በሶላር ከሚሠራ ሱቅ ነው፤ በ10 ብር፣ ከኪሴ። (ደመወዙንማ አታንሱብኝ። ሦስት ሰዓት በእግሬ ሄጄ ባንክ ስደርስ «ሲስተም የለም» የተባልኩበትን ቀን ብዛት መቁጠር ትቻለሁ።)

ባለፈው ሱፐርቫይዘሩ መጥተው የዕለት ዕቅዴን ሲያገላብጡ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» በሚለው ሥር «ስልክ» የሚል አገኙና ተቆጡ። «ክፍል ውስጥ ስልክ ክልክል መሆኑን አታውቅም?» አሉኝ። «አውቃለሁ፤ ታዲያ መጽሐፉን ምን ላይ ልክፈተው?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ወደ ሌላው ገጽ አለፉ።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ግን ሁሉም መምህሩ ላይ ይረባረባል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱን ከወሰዱት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ስድቡ እዚህ ኮረብታ ድረስ ደረሰን። እነዚያ ልጆች 7ኛ ክፍልን በምን እንደተማሩ የጠየቀ ግን አላየሁም።

ለምን አትለቅም ትሉኝ ይሆናል። የዝውውር ቅጽ ሞልቻለሁ፤ «ምትክ ሲገኝ» ተብሏል። ደግሞ አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ ማታ ማታ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ቤቴ ደጃፍ ተቀምጣ ሁለት ምዕራፍ ከስልኬ ላይ በእጇ ገልብጣለች፤ ሥዕሎቹን ሳይቀር በማስመሪያ። አሁን ክፍሉ ከእኔ ስልክ ይልቅ የእሷን ደብተር ያምናል፤ ባትሪ አይጨርስማ።

ይህን ስጽፍ የእኔው 9 በመቶ ደርሷል፤ ሱቁም ተዘግቷል። የነገው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ 7ኛ «ለ» ነው፤ ርዕሱ መቶኛ። ደብተሯን መዋሴ ነው።