ሶሎ በደቦ

እንግሊዛዊው የሮክ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝቦርን (ነፍሱን ይማርና) እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው 13ኛ አልበም ሰሞኑን እንደገና “የመጨረሻ ሶሎ አልበሙ” እየተባለ ይነሳል። ሶሎ፣ ማለትም የብቻ! እስቲ ሽፋኑን ገልበጥ አድርጋችሁ አንብቡ፦ ጊታር ጄፍ ቤክ፣ ጊታር ኤሪክ ክላፕተን፣ ጊታር ማይክ ማክሪዲ፣ ጊታር ዛክ ዋይልድ። አምስተኛው ቶኒ አዮሚ ነው፤ በ1979 ኦዚን ከቀድሞ ባንዱ ከብላክ ሳባዝ ያባረረው ጊታሪስት። ፍቺው ጸንቶ ምሳ አብሮ መብላት ቀጠለ ማለት ነው። ይሄ ሶሎ ከተባለ ደቦ ምን ሊባል ነው?

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የምትለውን ተረት እወዳታለሁ። ግን ሃምሳ ሆኖ ተሸክሞ ሲያበቃ “ብቻዬን አመጣሁት” የሚል ገበያተኛ የለም።

የዛሬው ደቦ ደግሞ አንድ ማሳ ላይ መገናኘት አይጠበቅበትም፤ ሙዚቀኞቹ በየፊናቸው ቀድተው ፋይል መላላክ ይበቃቸዋል። ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻው፣ በዌቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል)፣ በ24 ቢት ጥራት፣ ሁሉም ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ። ጊታሪስቱ የሚገባው ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቢሆን እንኳ ፋይሉ የሦስት ደቂቃ ዝምታውን ይዞ ይምጣ። ዝምታውን ቆርጦ የላከ እንደሆነ ሚክስ የሚያደርገው (ድምፆቹን የሚያዋህደው) ሰው መግቢያውን ሲፈልግ ያድራል። ድምፁን ሬቨርብ (የገደል ማሚቶ ዓይነት ማስተጋቢያ) ውስጥ ነክሮ መላክም ነውር ነው፤ በርበሬን ከወጥ ለቅሞ አያወጡትም። በ44.1 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ) የተቀዳው ሳይቀየር በ48 ከተከፈተማ ዘፈኑ 9 በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ ድምፁም ሽቅብ ይወጣል፤ የ73 ዓመቱ አዛውንት ጎረምሳ ሆኖ ቁጭ!

ኦዚ በ2002 የሠራውን ግን ይቅር የሚል አንጀት የለኝም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶሎ አልበሞቹ “ብሊዛርድ ኦቭ ኦዝ” እና “ዳየሪ ኦቭ ኤ ማድማን” እንደገና ሲታተሙ የቦብ ዴዝሊ ቤዝና የሊ ከርስሌክ ከበሮ ተፍቆ በሌሎች ተጫዋቾች ተተካ። ሁለቱ ሰዎች ከኦዚ ወገን ጋር በክፍያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ነበሩ። እሺ፣ ተከራከሩ፤ ሃያ ዓመት የለመደው ጆሮ ምን በደለ? ዋናው ቅጂ የተመለሰው በ2011 ነው። የዴዝሊን ቤዝ የተካው ማን መሰላችሁ? ሮበርት ትሩሂዮ። በ2022ቱም “ሶሎ” ላይ ቤዝ ይዞ የምናገኘው እሱኑ ነው።

አዎ፣ ስለ ሶሎ ነበር። አልበሙ እንኳ ጥሩ ነው፤ ሁለት ግራሚ ወስዷል። የሜታሉን ሽልማት ያስገኘው ዘፈን ላይ ጊታር የተጫወተው ግን አዮሚ ነው።