የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙግትና የነዳጁ ነገር

«ጦርነቱ የተጀመረው ፖላንድ ላይ ነው፤ ይሄ ምኑ ያከራክራል?» አለ ባንክ የሚሠራው ወዳጃችን። «ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939። አለቀ።» (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጡረታ የወጡት መምህር ሻያቸውን አስቀመጡ። «አላለቀም ልጄ። ጣልያን በኦክቶበር 1935 መረብን ሲሻገር ታዲያ ምን ልንለው ነው?»

«እንደሱ ከሆነማ ጋሼ፣ ቻይኖችም የራሳቸው ቀን አላቸው» ብላ ገባች የታሪክ ተማሪዋ። «ጃፓን ማንቹሪያን የያዘችው በ1931 ነው። በጁላይ 1937 ደግሞ ቤጂንግ አጠገብ፣ ማርኮ ፖሎ ድልድይ ላይ ተኩስ ተከፈተና ሙሉ ጦርነት ሆነ።»

ባንከኛው አልተዋጠለትም። «እነዚህ የየአካባቢው ጦርነቶች ናቸው። ዓለምን ያዳረሰው የሂትለር ነው። ጀርመኖች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቬርሳይ ውል ተዋረድን ብለው ቂም ያዙ። ከ1929 በኋላ ኢኮኖሚው ተንኮታኮተ፤ ሥራ አጡ ስድስት ሚሊዮን ደረሰ። ሰውየው በዚያ ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ።»

«መውጣቱንስ ወጣ። ማን አደፋፈረው?» አሉ መምህሩ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «የመንግሥታቱ ማኅበር በጣልያን ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጁን ግን ሳይነካ ተወው። እንግሊዝ የስዊዝን ቦይ አልዘጋችም። የሙሶሊኒ መርከቦች ወታደር ጭነው፣ የማለፊያ ክፍያቸውን እየከፈሉ በሰላም አለፉ። ሂትለር ይህን ቁጭ ብሎ ያያል። እኛ ማይጨው ላይ ልንገጥም ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረን፣ ጦር እንዳያስገባበት በውል ወደተከለከለው የጀርመን ምዕራባዊ ግዛት፣ ራይንላንድ፣ ጦሩን አስገባ። የነካውም የለም!»

ለትንሽ ጊዜ ዝም ተባለ።

ከዚያ ክርክሩ ዞሮ «ጦርነቱን የገለበጠው የቱ ነው?» ወደሚለው ሄደ። ባንከኛው በፓስፊክ ውቅያኖስ የተካሄደውን የሚድዌይ ውጊያ አለ፤ ጃፓን በጁን 1942 አራት አውሮፕላን ጫኝ መርከቦቿን ያጣችበት። መምህሩ ሞስኮ በር ላይ፣ በዲሴምበር 1941 ነው አሉ። ጀርመኖቹ የክረምት ልብስ ሳይደርሳቸው ብርዱ ያዛቸው። ሞተር ለማስነሳት ከሥሩ እሳት ያነዱ ነበር። ተማሪዋ ከስታሊንግራድ ንቅንቅ አልል አለች። «ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 ውጊያው ሲያበቃ ዘጠና ሺህ ገደማ ጀርመን ተማርኳል። ከዚያ ወዲህ ምሥራቅ ላይ ጀርመን በአብዛኛው ወደ ኋላ ነው የሄደው።»

እኔ ሦስቱንም ስሰማ ቆየሁ። መምህሩ በንዴት የጣሏት አንዲት ቃል ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች፤ ነዳጅ። ለእኔ የዚህ ጦርነት ትልልቅ ማጠፊያዎች አብዛኞቹ እሷ ላይ ናቸው።

ጃፓንን እንይ። ከምትጠቀመው ነዳጅ አብዛኛው ከአሜሪካ ይመጣ ነበር። በጁላይ 1941 ደቡብ ኢንዶቻይናን (የዛሬውን የቬትናም አካባቢ) ስትይዝ አሜሪካ ቧንቧውን ዘጋችባት። መጠባበቂያዋ ከማለቁ በፊት ከቻይና መውጣት ወይም የደች ኢስት ኢንዲስን (የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ) የነዳጅ ጉድጓዶች በጉልበት መያዝ ነበረባት። ሁለተኛውን መረጠች፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እንዳያስቆማት ሃዋይ ያለውን የጦር ወደቡን፣ ፐርል ሃርበርን፣ መታች። የሚገርመው፣ እዚያው ወደቡ ዳር የቆሙትን የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች ሳትነካ መመለሷ ነው። እነሱ ቢቃጠሉ ኖሮ የአሜሪካ መርከቦች ለወራት ሽባ በሆኑ።

ሂትለርም ቢሆን በ1942 ወደ ደቡብ የዞረው የዛሬዋ አዘርባጃን ዋና ከተማ የሆነችውን ባኩን ፈልጎ ነው። የሶቪየት ነዳጅ አብዛኛው የሚወጣው ከዚያ ነበር፤ ወደ ሰሜን የሚጓዘውም በቮልጋ ወንዝ ነው። ስታሊንግራድ ያለችው እዚያ ወንዝ ላይ ነው። ጀርመኖች በኦገስት በካውካሰስ ያለችውን የነዳጅ ከተማ ማይኮፕን ሲይዙ ሶቪየቶች ጉድጓዶቹን አበላሽተው፣ መሣሪያውን አጥፍተው ጠበቋቸው። ጠጋኝ ባለሙያ ቢልኩም ከዚያ የረባ ነገር አላገኙም። ባኩንም ሳያዩት ቀሩ። በ1944 መጨረሻ ቤልጅግ አካባቢ፣ አርዴን ደን ላይ ባደረጉት፣ በምዕራብ ግንባር የመጨረሻ በሆነው ትልቅ ማጥቃት፣ ዋናው አምድ የአሜሪካኖችን ነዳጅ ማርኮ ለመንዳት አስቦ ነበር የወጣው። ሳይሳካ ቀርቶ ታንኮቹን መንገድ ላይ ጥሎ በእግሩ ተመለሰ።

ስለዚህ ከስታሊንግራድ ጋር ነኝ፤ ግን ከተማዋን ከባኩ መንገድ ነጥዬ አላያትም። ስለ አጀማመሩ ደግሞ ለባንከኛው ቀኑን እሰጠዋለሁ። ኢትዮጵያና ቻይና በሴፕቴምበር 1939 እንደተጀመረ ሲነገራቸው ቅር ቢላቸው ግን ሐቅ አላቸው። መምህሩም ጥፋቱን በትክክለኛው ቦታ ነው ያስቀመጡት። በ1935 የጣልያን ታንክና ካሚዮን ከሞላ ጎደል የሚነዳው ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ነበር። ያን ለመዝጋት አንድ ጥይት መተኮስ አያስፈልግም፤ ማኅበሩ ባለበት ጄኔቭ ላይ መፈረም በቂ ነበር። ፓሪስና ለንደን ሙሶሊኒን ላለማስከፋት ብለው አልፈረሙም። ሰውየው ግን በጁን 1940 በሁለቱም ላይ ጦርነት አወጀ።