ለጭቃ ቤት 640 ፓውንድ

እናቴ ከመኪናው ወርዳ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ቤቱን አየችው። ቀና ብላ ክዳኑን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የእኛ ቤት ነው» አለች።

ያለነው ዴቨን ነው። ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከለንደን በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን። እናቴ ከጎጃም፣ ከሞታ ከተማ አካባቢ ልትጠይቀን ከመጣች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። ልጆቹ በጥቅምት ለሳምንት ትምህርት ሲዘጉ ከኮንዶሚኒየም የማይሻለው የለንደን ፎቃችን ትውጣና መሬት ትርገጥ አልኩ። ኢንተርኔት ላይ ቤት ፈልጌ ተከራየሁ። እዚህ ኮቴጅ ይሉታል። ለአራት ሌሊት 640 ፓውንድ። ፎቶው ላይ ነጭ ግድግዳ፣ ትናንሽ መስኮት፣ ወፍራም የሳር ክዳን ይታያል። አምሮኝ ከፈልኩ። ከምን እንደተሠራ አላሰብኩም።

እናቴ ግን በጓሮ በኩል ዞራ ኖራው የተላጠበት ቦታ አገኘች። በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ጭድ ብቅ አለ። «ጭቃ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ዴቨኖች «ኮብ» ይሉታል። ከምድር የወጣ ሸክላ አፈር፣ ጭድና ውኃ ነው። በሰው እግር ወይም በበሬ እየተረገጠ ይቦካል፣ ከድንጋይ መሠረት በላይ በየደረጃው እየተከመረ ይደርቃል። ከእኛ የሚለየው ውስጡ ማገርም ወጋግራም ስለሌለው ነው። ግድግዳው ራሱ እንጨት ሳይደግፈው ይቆማል፤ ስለዚህ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወፍራል። ለዚህ ቤት የሚያስፈልገው ጥሩ ባርኔጣና ጥሩ ጫማ ብቻ ነው የሚል አባባል አላቸው። ክዳኑ ዝናቡን ካራቀለት፣ ድንጋዩ እርጥበቱን ካገደለት መቶ ዓመታት ይቆማል ማለት ነው። አሜሪካን ለመያዝ መርከብ የላከው ዋልተር ራሌይ የተወለደው እዚሁ ዴቨን ውስጥ እንዲህ ባለ ጭቃና ሳር ቤት ነው። ያ ቤት ከ400 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ቆሟል።

ይህን ሳነብ ሆዴን የበላኝ ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. እኔ ራሴ ገንዘብ ልኬ የእናቴን ቤት አስፈርሻለሁ። አያቴ የሠራው፣ እኔ የተወለድኩበት፣ በሰንበሌጥ የተከደነ የጭቃ ቤት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ሲያለብስ የእኛ ብቻ ሳር ሆኖ መቅረቱ አሳፈረኝ። «ልጁ ለንደን ተቀምጦ እናቱ ሳር ቤት ትኖራለች» የሚባል መሰለኝ። ምናልባትም ተብሏል። ብሎኬትና ቆርቆሮ አስገባሁ። ቤቱ ቀን ይጋግራል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል። ክረምት ሲመጣ በዝናቡ ጩኸት ሰው ከሰው አይደማመጥም። በስልክ ስንነጋገር «ቆይ ዝናቡ ይለፍ» ብላ የምትዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚህ ደግሞ ዝናብ ሲወርድ ተኝተን አልሰማንም። ጠዋት ወጥተን ሣሩ ሲንጠባጠብ ነው ያወቅነው።

እዚህ አገር ያን ቤት ማፍረስ አልችልም ነበር። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ቤቶች በቅርስነት በሕግ የተመዘገቡ ናቸው። ባለቤቱ ራሱ ያለ ፈቃድ መስኮት ቢቀይር፣ ግድግዳ ቢያፈርስ በወንጀል ይጠየቃል። እኔን ግን «ቆይ እስኪ፣ ምን ልታደርግ ነው?» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም እሰየው ነው ያለኝ።

ወደ ቤቱ ልመለስ። የሚቀበለን ሰው አልነበረም። በር አጠገብ ትንሽ ሳጥን አለች፤ በስልክ የተላከልንን ቁጥር ስንመታ ቁልፉ ወጣ። እናቴ ከለንደን ድፎ ዳቦ ጋግራ ይዛ ነበር። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። «ባለቤቱ የት አለ?» አለች። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ነው፣ አናገኘውም አልኳት። ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ለብዙ ደቂቃ ዝም አለች። ሰው የሌለበት ቤት እንግዳ መሆን ከብዷት እንደነበር ፊቷ ላይ ታይቷል።

በሰው ፋንታ የጠበቀን የደንብ ወረቀት ነው። ሻማ አይበራም። ዕጣን አይጨስም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቤቱ ይለቀቃል፤ አንሶላው ተገፎ፣ ቆሻሻው ተለይቶ። የሻማውና የዕጣኑ ገባኝ፤ ሳር ክዳን አንዴ እሳት ከያዘው አይተርፍም። ግን ቡና ስንቆላ የጭስ ማንቂያው ጮኸና ሁላችንም በፎጣ እያራገብን ቀረን። ከዚያ በኋላ እናቴ ቡናውን ከቤት ውጭ፣ ደጃፉ ላይ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ቆላች። ጎንበስ ብላ እያማሰለች «ታዲያ ጭስ ካላገኘ ሣሩ አይበሰብስም?» አለችኝ። ክዳኑን የሚያቆየው የምድጃው ጭስ እንደሆነ ነው የምታውቀው። እውነትም የእኛን ክዳን የሚጠብቀው ጭሱ ነው።

መልሱን በማግስቱ ከባለሙያው ሰማነው። ከእኛ ሦስተኛው ቤት ላይ አንድ ሰውዬ መሰላል አቁሞ ክዳን እየቀየረ ነበር። እናቴ ወንበር አውጥታ ጠዋቱን ሙሉ ተመለከተችው። እሱ የሚከድነው በስንዴ አገዳ ነው። የዛሬው ስንዴ አገዳው አጭር ስለሆነ አይሆንም፤ አገዳው ረጅም የሆነ የድሮ ዘር ለዚሁ ሥራ ተለይቶ ይዘራል። ክዳኑ ጥቅጥቅ ብሎና ቁልቁል ተዳፍቶ ስለሚሠራ ውኃው ውስጥ ሳይገባ ላይ ላዩን ይሮጣል። በደንብ ከተሠራ 30 ዓመት ገደማ ይቆያል አለን። ሙያውን ለመልመድ ዓመታት እንደፈጀበት፣ የሚቀጥለው ዓመት ሥራው ከወዲሁ እንደተያዘ ነገረን። የሙያውን ስም ሲናገር በኩራት ነው። አገሬ ላይ «ጭቃ ያቦካል፣ ሳር ይከድናል» የሚባል ሰው ማንም ሴት ልጁን አይድርለትም። እዚህ ወረፋ ይያዝለታል።

እረፍት ሲያደርግ እናቴ ዳቦውን ቆርሳ ከቡና ጋር ወሰደችለት። ቤት ሲከደን ከዳኙን ሳያበሉ ማለፍ አልተቻላትም። እኛ ዘንድ ክዳን የደቦ ሥራ ነው፤ ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ ነው ሣሩ የሚነሳው። ሰውዬው ጣራው ላይ ተቀምጦ በላ። እናቴ በእኔ በኩል ጠየቀችው። «ቤትህ የትኛው ነው?»

«እዚህ አይደለም» አለ። የሚኖረው ኒውተን አቦት የሚባል ከተማ፣ የጡብ ቤት ውስጥ ነው። የተወለደው ግን በዚችው መንደር ነው። ቤቶቹን ለሳምንት ዕረፍት የሚፈልጋቸው የከተማ ሰው በሚከፍለው ዋጋ መግዛት አልቻለም።

ማታ ከልጆቹ ጋር መንገዱን ስሄድ ቆጠርኩ። ከ11 ቤቶች መብራት የነበረባቸው አራቱ ናቸው። የቁልፍ ሳጥን የሌለበት በር ሦስት ብቻ። ትምህርት ቤት የሚል ጽሑፍ ያለበት አሮጌ ሕንፃ አየን፤ እሱም የሚከራይ ኮቴጅ ሆኗል። ነገሩ መንግሥትንም ስላሳሰበው ከኤፕሪል 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእንግሊዝ ወረዳ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤት ላይ እጥፍ ግብር እንዲጥሉ ተፈቅዶላቸዋል። ቤቱን በሕግ ጠብቀውታል። ቤቱን የሚከድነውን ሰው ግን አልጠበቁትም። በዚህ እንግሊዞችን አላደንቅም። እኔም 640 ፓውንዱን ስከፍል ያንን ሰው ከመንደሩ ካስወጡት ሰዎች አንዱ ነኝ።

አንድ ቀን ወደ ባሕሩ፣ ቶርኪ ወረድን። ብርዱ አላስቀመጠንም። ከዚያ ጉዞ የቀረልን «ክሎትድ ክሬም» የሚሉት ነገር ነው፤ በጣፋጭ ዳቦ ላይ ከጃም ጋር ይበላል። ዴቨን ክሬሙን አስቀድሞ ጃሙን ከላይ ያደርጋል፣ ጎረቤታቸው ኮርንዎል ደግሞ በተቃራኒው፤ በዚህ ይከራከራሉ። እናቴ ቀምሳ «ስልባቦት» አለች። ልክ ነች፤ ወተቱን ቀስ ብሎ በማሞቅ ከላይ የሚሰፍረው ነው።

የወደደችው ግን ዳርትሙርን ነው። ከመንደሩ በላይ ያለ ሰፊ ደጋ ነው፤ ዛፍ የለውም፣ ጭጋግ፣ ሣርና ድንጋይ ብቻ። ከፍተኛው ቦታው 621 ሜትር ብቻ ቢሆንም ነፋሱን ስትቀምስ «ይሄማ ጮቄ ተራራ ነው» አለች። በጎችና ፈረሶች ያለ አጥር ይግጣሉ። ባለቤት አላቸው፤ በመኸር ይሰበሰባሉ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ግሪምስፓውንድ የሚባል ቦታ አለ። ከ3,000 ዓመት በፊት ሰው የኖረባቸው 24 ክብ ቤቶች የድንጋይ መሠረታቸው ቀርቷል። እናቴ በአንዱ በር ገባች። ወዲያው ምድጃው የት ሊሆን እንደሚችል፣ መደቡ የት እንደሆነ በጣቷ አሳየች። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «አያቴ እንዴት አወቀች?» አለችኝ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስለ ቤታችን አነሳሁባት። «ያን ቤት ባላፈርሰው ይሻል ነበር?» አልኳት። እንድታጽናናኝ ፈልጌ ነበር።

እናቴ የሌለ ነገር አትናገርም። «ሳር ቤት ጥሩ ነው፣ ግን ሣሩ የት አለ?» አለች። ሰንበሌጥ የሚበቅልበት ግጦሽ ታርሷል። በሞታ በኩል አንድ ቤት የሚከድን ሳር ለማግኘት የሁለት ቀን መንገድ ነው። እሳት ሲነሳም መንደር ሙሉ ይሄዳል። ትክክል ነች። ግን ደግሞ መንዝ ጓሳን አስታወስኳት። እዚያ ያለው ሕዝብ ሣሩን ለዘመናት በራሱ ሕግ እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እያጨደ ቤቱን ሲከድንበት ኖሯል። መንግሥት አላዘዘውም። «እነሱማ ሥርዓት ነበራቸው» አለች።

የድሮ ማድ ቤታችን አልፈረሰም። ክዳኑ ሳር ነው፣ በግማሽ ጎኑ ዘሟል። ወንድሜ ለፋሲካ በቆርቆሮ ልቀይረው ነው ብሎኝ ነበር። ያን ማታ ደወልኩለት። መስመሩ ሁለቴ ተቆረጠ። በሦስተኛው ተገናኘን። ቆርቆሮውን ተወው፣ ገንዘቡን እልካለሁ፣ በሳር ይከደን አልኩት።

«ማን ይከድነዋል?» አለኝ። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። ስም መጥራት ጀመረች። እገሌስ? ሞቷል። እገሌስ? ባሕር ዳር ልጆቹ ጋ ገብቷል። አራተኛው ላይ ወንድሜ «እሳቸው አሉ» አለ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን እጃቸው አለ። ሰንበሌጡ ኅዳር ላይ ይታጨዳል። ነገ ጠዋት ሄጄ አናግራቸዋለሁ አለን።