«ፋንክሽኑን ራስህ ጻፈው» ብሎ መልስ የለም

ሰሞኑን አንድ አነስተኛ፣ ክፍት ምንጭ የሆነ ሬሌሽናል ዳታቤዝ (መረጃን በሠንጠረዥ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) የሚሠሩ ሰዎች የቀረበላቸውን ጥያቄ ዘጉት። ጥያቄው ተራ ነበር። ትሪም (ጫፍና ጫፍ ያለን ባዶ ቦታ መከርከሚያ)፣ ሰብስትሪንግ (ከጽሑፍ ቁራጭ ማውጫ)፣ ፖዚሽን (ቃል ያለበትን ቦታ መፈለጊያ)፣ ኦቨርሌይ (የጽሑፍን ክፍል በሌላ መተኪያ) የሚባሉት መደበኛ የጽሑፍ ፋንክሽኖች ይጨመሩ፤ ላይክ ከሚባለው ቀላል የጽሑፍ ማመሳሰያ ሻል ያለ የፓተርን ፍለጋም ይኑር የሚል ነው። መልሱ በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ዳታቤዝ የጽሑፍ ማረሚያ አይደለም። የፈለገ ሰው ፋንክሽኑን ራሱ ጽፎ ያስገባ። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የሚፈለገው ጽሑፍ ቅርጹ በምልክቶች የሚገለጽበት ፓተርን) ደግሞ አደገኛ ነው።

ጊዜ የለንም ቢሉ ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር። በነጻ የሚሠራን ሰው ማን ይከሳል? ስንፍናን የመርህ ልብስ ማልበስ ግን ያናድዳል።

ከሦስቱ በጣም የሚያስቀው ሁለተኛው ነው። ራስህ ጻፈው! እሺ፣ እንጻፈው። አንድ ቃል በረጅም ጽሑፍ ውስጥ ስንተኛው ቦታ ላይ እንዳለ የሚነግር ፋንክሽን እንውሰድ። ከታወቁት ዳታቤዞች ኦራክል ኢንስትር ይለዋል፤ መጀመሪያ ረጅሙን ጽሑፍ፣ ቀጥሎ የሚፈለገውን ቃል ይቀበላል። ኤስኪዩኤል ሰርቨር ቻርኢንዴክስ ይለዋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ማይኤስኪዩኤል ሁለቱንም አቅፎ ይኖራል፤ ኢንስትር በአንዱ አቅጣጫ፣ ሎኬት በሌላው። ፖስትግሬስ ደግሞ ስትርፖስ አለው። ሁሉም የየራሱን ሲጽፍ የሚመጣው ይኼ ነው። በዓለም የታወቁት ትልልቆቹ እንኳን መስማማት አቅቷቸዋል። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮግራመር በየቢሮው ይቀጥልበት እየተባለ ነው።

ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ፣ የኤስኪዩኤል፣ የ1992ቱ ስታንዳርድ እኮ ይህን ጣጣ ገና ድሮ ጨርሶታል (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፖዚሽን ትላላችሁ፣ የሚፈለገውን ትጽፋላችሁ፣ መሃል ላይ «ኢን» ታስገባላችሁ፣ የሚፈለግበትን ትጽፋላችሁ። የትኛው እንደሚቀድም መሳሳት አይቻልም። ትሪም፣ ሰብስትሪንግ፣ ወደ ትልቅና ትንሽ ፊደል መቀየር፣ ሁሉም እዚያው ሰነድ ላይ አሉ። ኦቨርሌይ በ1999 ተጨመረ። ማንም አዲስ ነገር ፍጠሩ አላላቸውም። የተጻፈውን አንብባችሁ ሥሩ ነው የተባሉት።

ርዝመትም ያው ነው። «ሰላም» ስንት ነው? ሦስት ፊደል። ማይኤስኪዩኤልን በሌንግዝ ብትጠይቁት ግን በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት የተለመደ አሠራር) ዘጠኝ ይላችኋል፤ የሚቆጥረው ባይት ነው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። ፖስትግሬስ በዚያው በሌንግዝ ስም ሦስት ይላል። ኤስኪዩኤል ሰርቨር ሌን የሚለው ፋንክሽኑ መጨረሻ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ጭራሽ አይቆጥርም። ስታንዳርዱ የፊደል ቆጠራውን ለብቻ፣ የባይት ቆጠራውን ለብቻ ስም ሰጥቶ አስቀምጦታል። «ራሱ» የሚጽፈው ሰው ይህን ሁሉ ያስባል? በላቲን ፊደል ይሞክረዋል፣ ይሠራለታል፣ ይሄዳል። እኛ ጋ ሲደርስ ሰብስትሪንጉ አንዱን ፊደል ወገቡ ላይ ይቆርጥና የማይነበብ ነገር ይተፋል።

ይህ ሁሉ ገና ቀላሉ ነው። ዋናው ጉዴ ኢንዴክስ (ዳታቤዙ ፍለጋ እንዲፈጥንለት አስቀድሞ የሚሠራው ማውጫ) ላይ ነው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ።

የኢሜይል ዓምድ አለን እንበል። ያው አንድ ሰው አንዴ በትልቅ ፊደል ጻፈ፣ አንዴ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ትቶ አለፈ፣ አንዴ በትክክል አስገባ። ዳታቤዙ ሦስት ሰው አድርጎ መዘገበው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ኢሜይሉ በትሪም ተከርክሞ፣ በትንሽ ፊደል ተጽፎ፣ በሚገኘው ውጤት ላይ ድግግሞሽ የማይቀበል ኢንዴክስ መሥራት ነው። አንድ መስመር ኮድ፣ ዕዳው ገብስ። ፖስትግሬስ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያደርገዋል። ዳታውን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጠው ኤስኪዩላይት ከ2015 ጀምሮ፣ ማይኤስኪዩኤል ደግሞ ከ8.0 ወዲህ ያደርጉታል።

አሁን ትሪሙን እኔ ጻፍኩት እንበል። ኢንዴክሱ የቆመው በእኔ ኮድ ላይ ሆነ ማለት ነው። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ባልደረባዬ ይመጣና «ታብም መቆረጥ አለበት» ብሎ ፋንክሽኑን ያሻሽለዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው! ኢንዴክሱ ግን በድሮው ስሌት ተገንብቶ ተቀምጧል። ፍለጋው በአዲሱ ስሌት ይሄዳል። ሠንጠረዡ ውስጥ በዓይን የሚታይ ረድፍ «የለም» ይባላል። የስህተት መልእክት አይወጣም። ሎግ ላይ ምንም የለም። ደንበኛው «አካውንቴ ጠፋ» ብሎ ሲደውል ነው የሚታወቀው፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ደንበኛው ነው።

ፓተርን ላይ ደግሞ ይብሳል። ኤስኪዩላይት ሬጌክስፕ (የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ፍለጋ) የሚለውን ቃል ያውቀዋል፣ ላይብረሪው ግን ከኋላው ፋንክሽን አላስቀመጠም። የሚፈልግ ፕሮግራም የራሱን ያስገባል። ስለዚህ ፋንክሽኑ የሚኖረው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው፣ ደንቡ የሚኖረው ፋይሉ ውስጥ ነው። «ስልክ ቁጥር ቁጥር ብቻ ይሁን» የሚል ደንብ በሬጌክስፕ ጽፋችሁ ሠንጠረዡ ላይ አስራችሁ እንበል። ያንኑ ፋይል ፋንክሽኑን በማያውቅ ሌላ መሣሪያ ክፈቱትና አንድ ረድፍ ልጨምር በሉ። እንዲህ የሚባል ፋንክሽን የለም ብሎ ይመልሳችኋል። የራሳችሁ ዳታ፣ የራሳችሁ ፋይል፣ በር ተዘጋባችሁ። የባሰው ግን ፋንክሽኑን በዚያው ስም፣ በሌላ ትርጉም የጻፈ ፕሮግራም ሲከፍተው ነው። ያኛው በር አይዘጋም፤ የመጣውን ሁሉ ያስገባል።

እንግዲህ «ራስህ ጻፈው» የሚለው ሰው ኢንዴክስ ሠርቶ አያውቅም፣ ወይም ሠርቶ ዘወር ብሎ አላየውም። ሌላ ማብራሪያ አይታየኝም።

«የጽሑፍ ማረሚያ አይደለም» የሚለው ብዙ አያስለፋም። ማጣራቱን አፕሊኬሽኑ ይሥራ ነው ነገሩ። በገጽ ሃያ ረድፍ የሚያሳይ ዝርዝር ይዛችሁ ሞክሩት። ዳታቤዙ ሃያ ይሰጣችኋል፣ አፕሊኬሽኑ በፓተርኑ ሲያጣራ ሦስት ይቀራል። ቀጣዩ ገጽ ባዶ፣ ሦስተኛው ላይ አሥራ አንድ። በጠቅላላው ስንት ውጤት እንዳለ ለመናገር ሠንጠረዡን በሙሉ በኔትወርክ አግዞ መቁጠር ሊያስፈልግ ነው። ሚሊዮን ረድፍ አምጥቶ ለመጣል! ረድፍ የሚመርጠው፣ ዌር የሚባለው የጥያቄው ክፍል ለምን ተፈጠረ ታዲያ?

ላይክ ይበቃል የሚሉም አሉ። % የፈለገውን ያህል ፊደል፣ _ አንድ ፊደል፣ ያ ነው ያለው። በእኛ ጽሑፍ «ፀሐይ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ። አንዱ በጸሎቱ ጸ ጽፏታል፣ አንዱ በፀሐዩ ፀ፤ ሌላው ሐውን ወደ ሀ ቀይሮታል። በላይክ ወይ አራቱን አጻጻፍ «ወይም» እያላችሁ ትደረድራላችሁ፣ ወይ በ_ ትተኩና በ«ይ» የሚያልቅ ባለሦስት ፊደል ቃል ሁሉ ይጎርፍባችኋል። [ፀጸ][ሐሀ]ይ ብሎ መጻፍ ቢቻል አለቀ፤ በየቅንፉ ካሉት አንዱ ማለት ነው። ይህን የሚፈቅደው ሲሚላር ቱ በ1999ኙ ስታንዳርድ ውስጥ አለ። የሬጉላር ኤክስፕሬሽኑ ቤተሰብ ደግሞ በ2008 ገብቷል። ገና ለጋ ሐሳብ ነው ማለት አይቻልም።

አደገኛ ነው የተባለውስ? ይኼኛው እንኳን እውነት አለበት። ክፉ ተደርጎ የተጻፈ ፓተርን ወደ ኋላ እየተመለሰ ሲሞክር ሰርቨሩን አንቆ ይይዘዋል። ግን ዝነኞቹን አደጋዎች ተመልከቱ። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው በ2016 ለ34 ደቂቃ የወደቀው በአንድ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ነው። ለድረ ገጾች የኔትወርክ አገልግሎት የሚሰጠው ክላውድፍሌር በ2019 የወደቀውም በአንድ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ነው። የመጀመሪያው የዌብ ሰርቨሩ ኮድ ውስጥ፣ ሁለተኛው የፋየርዎል (የጥቃት መከላከያ) ደንብ ውስጥ ነበር። አንዱም ዳታቤዝ ውስጥ አልነበረም። አደገኛ ስለሆነ ወደ አፕሊኬሽኑ ይሂድ ማለት እንግዲህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ደግሞ የስታክ ኦቨርፍሎው ፓተርን ሥራው ምን ነበር? ከጽሑፍ ጫፍና ጫፍ ባዶ ቦታ መከርከም!

መፍትሔውም ቢሆን ከተገኘ ቆይቷል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ቶምፕሰን ወደ ኋላ ሳይመለስ የሚፈልግበትን ዘዴ በ1968 አሳትሞታል። አርኢ2 የተባለው የጉግል ላይብረሪ ጽሑፉ በረዘመ ልክ ብቻ ነው ጊዜ የሚወስደው፤ ክፍት ነው፣ ማንም ይወስደዋል። ኤስኪዩኤል ሰርቨር በ2025 ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ሲያስገባ በእሱ ላይ ነው የተመሠረተው። ማይኤስኪዩኤል ደግሞ ፓተርን ከገደብ በላይ ሲቆይ የሚያቋርጥ ቅንብር አለው። እውነት ለመናገር ኤስኪዩኤል ሰርቨርም ቢሆን የሚመሰገን አይደለም። ትሪምን ራሱን ያስገባው በ2017 ነው፣ ከስታንዳርዱ 25 ዓመት ዘግይቶ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ የግራውን መከርከሚያ በቀኙ መከርከሚያ ውስጥ ሲሸጉጥ ኖረ።

እሺ፣ ፍርሃቱ የምር ነው እንበል። ሬጉላር ኤክስፕሬሽኑን ያቆዩት። ትሪም ምን አደረጋቸው? ፖዚሽን የትኛውን ሰርቨር ገደለ?