ባልዲ ለማያስፈልጋቸው ሊቃውንት

ሰሞኑንም እንደተለመደው ከአንዲት ሸራ ጀልባ ጎን ደማቅ አረንጓዴ ፈሳሽ እየተንዠቀዠቀ ወደ ባሕር ሲወርድ ያየ ሁሉ፣ የሞተር ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) መቀየሪያው ወራት መግባቱን ተረድቷል። አሮጌውን ኩላንት ባልዲ ሳይዙ ወደ ባሕር በሚለቁት ባለ ጀልባዎች ላይ ያለውን ቅሬታ ሁላችንም ስለምናውቀው አልደግመውም፤ ይልቁንስ ለእነዚህ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የተነፈጋቸውን ምስጋና ላቅርብ።

ተራ ሰው ኩላንት ሲቀይር ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ከሥሩ ባልዲ ያኖራል፣ ቱቦውን በመንቀል ብቻ ሳያበቃ በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ጎን ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን ይፈታል፣ ዝገት ደፍኗት እንደሆነም በሽቦ ይጎረጉራታል። ሊቁ ግን ቱቦውን ብቻ ይነቅላል። ፈሳሹ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወርዳል፤ እዚያ ያለው ፓምፕ ደግሞ ተንሳፋፊ ማብሪያው ከፍ ባለ ቁጥር ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ባሕር ይተፋዋል። ልብ በሉ፣ ያፈሰሰው ፓምፑ እንጂ ሰውየው አይደለም። ጎረቤት ሲጮህ ሰውየው በመገረም አንገቱን ብቅ አድርጎ ውሃውን ያያል፣ ግራና ቀኝ የታሰሩትን ጀልባዎች በትዝብት ይቃኛል፣ የሰው ኅሊና መጥፋቱንም ራሱን እየነቀነቀ በኀዘን ይናገራል። ተመልሶ ሲወርድ ፓምፑ ሁለተኛውን ዙር ይጀምራል፤ እንደገና ብቅ ይላል፤ እንደገና ያዝናል። ጲላጦስ እጁን ለመታጠብ ውሃ ማስመጣት ነበረበት፤ ለእኛ ሊቅ ግን ባሕሩ በሙሉ ቀርቦለታል።

ሽሙጡ ይቆየኝ። የብዙ ኩላንት ዋና ቅመም የሆነው ኢትሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል፣ ኩላሊትንም ያበላሻል። በአንዳንዱ ኩላንት በምትኩ የሚገባው ፕሮፒሊን ግላይኮል መርዝነቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ ያገለገለ ኩላንት ሁሉ ከሞተሩ የለቀመውን ብረት ይዞ ይወጣል። ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሞ ለአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ማስረከብ ይህን ያህል የሚከብድ ነገር አይደለም፤ ባልዲ ማንሣት ሰልችቶት ሌላው የሚዋኝበትን ውሃ የሚመርዝ ሰው ነውረኛ ነው!

ወደ ምስጋናው እንመለስ። ባልዲ የተጠቀመው ምስኪን የወጣውን ፈሳሽ ስለሚለካ፣ የገባው አንሶ ሲያገኘው በመስመሩ ውስጥ አየር መታፈኑን ይጠረጥራል፤ አየሩን ያስተነፍሳል፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለፈሳሹ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) እስኪከፈት ሞተሩን ያሠራል፣ ሲበርድም ደረጃውን ደግሞ ያያል። ሊቁ መለኪያው ባሕር ውስጥ ስለገባ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ነጻ ነው። በብሎኩና በውሃ ማሞቂያው መስመር በቀረው አሮጌ ፈሳሽ ላይ ቀለሙን ሳይመርጥ ያገኘውን ኩላንት ይጨምርበታል፤ የማይስማሙ ዓይነቶች ተገናኝተው እንደ ሙጫ ቢረጉ የኬሚስትሪ ጥፋት ነው። ግማሽ በግማሽ መቀላቀያው ማዕድን የሌለበት የተጣራ ውሃ መሆን አለበት የሚለውንም ምክር በትሕትና ሰምቶ የቧንቧውን ጎማ ይስባል።

ከዚያ በኋላ የጥገና መዝገቡን አውጥቶ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ኩላንት ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል» ብሎ ከነቀኑ ያሰፍራል፤ ጀልባዋን ሊሸጥ ያሰበ ዕለት ለገዢው ቀድሞ የሚገልጠው ያንን ገጽ ነው።