የጎንደር ግድግዳ ማታ ማታ ይወፍራል እንዴ?

ሰሞኑን በከተማችን በተካሄደ አንድ የደንበኞች ውይይት ላይ የቤት ኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት ተወካይ የሰጡት ማብራሪያ ብዙዎቻችንን አሳርሮናል። ደንበኞች በማስታወቂያ የሰማነውን ፍጥነት አላገኘንም ብለው አቤት ሲሉ፣ ችግሩ ያለው ከመስመሩ ሳይሆን ከየቤታችን ነው ተባልን። የጎንደር ቤት ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ዋይፋይ አያሳልፍም፤ በአንድ ራውተር ላይ የምናገናኘው ስልክ በዝቷል፤ የተዋወቀውም ቁጥር ከፍተኛው መጠን እንጂ ቃል የተገባበት አይደለም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ከግድግዳው ልጀምር፤ ከቀረቡት ሰበቦች ሁሉ አስቂኙ እሱ ነውና። ዋይፋይ ግድግዳ ሲያቋርጥ እንደሚዳከም፣ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ደግሞ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ይበልጥ እንደሚዳከም የማያውቅ የለም። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ይህ ግድግዳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የት ይሄዳል? በዚያ ሰዓት የሚነቃ ሰው፣ ማኅሌት የሚቆም ዲያቆንም ይሁን ውጭ አገር ላለ ደንበኛ የሚሠራ ወጣት፣ ኢንተርኔቱ ማስታወቂያውን ባያክልም ሊያክለው የተቃረበ ሆኖ ያገኘዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግን በዚያው ቤት፣ በዚያው ራውተር፣ በዚያው ስልክ አንዲት አጭር ቪዲዮ እየተሽከረከረች ትቀራለች። ድንጋዩ ያው ነው፤ ሲሚንቶውም ያው ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ከሰዓቱ ጋር የሚለዋወጠው ደግሞ በመስመሩ ላይ የሚጋፋው ሰው ብዛት ነው። አሁንም ግድግዳውን የሚጠረጥር ካለ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አያይዞ ማታ ይለካ። በኬብሉ ላይ የሚያየው ቁጥር የድንጋይ ጥፋት አለመሆኑን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም።

ለነገሩ የአፄ ፋሲልን ግንብ የሚያህል ግድግዳ ያለው መኖሪያ ቤት በማራኪም ሆነ በአዘዞ እስካሁን አላየሁም። አብዛኛው የከተማችን ሰው የሚኖረው በጭቃና እንጨት ወይም በብሎኬት ቤት ነው። ተወካዩ ቤተ መንግሥት የምንኖር መስሏቸው ከሆነ እናመሰግናለን።

ስልክ አበዛችሁ የሚለውስ? ይህንኑ አገልግሎት ሲሸጡልን አባት በኮምፒውተር ሲሠራ፣ እናት ከዘመድ ጋር ስታወራ፣ ልጆች ትምህርት ሲከታተሉ እያሳዩን አልነበረም? ለመላው ቤተሰብ ብለው ከሸጡ በኋላ ቤተሰቡ መላ ሆኖ ሲገኝ መውቀስ ደንበኛን መናቅ ነው።

እውነተኛው ምክንያት ከግድግዳው ውጭ ነው፤ ድርጅቱም ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል። ፋይበር ሲገባልን ከጣቢያው እስከ ሳሎናችን የራሳችን ብቻ የሆነ መስመር የተዘረጋ ይመስለናል። በብዙ የዓለም ከተሞች በሚሠራበት ጂፖን በተባለው አሠራር ግን ከጣቢያው የሚነሳው አንድ የፋይበር ክር መንገድ ላይ በመከፋፈያ እየተከፈለ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይዳረሳል። ክሩ ወደ ቤቶቹ የሚያወርደው በድምሩ በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ ነው። 64ቱም ቤቶች እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 39 ሜጋ ቢት አካባቢ ይሆናል። ለሁሉም 100 ሜጋ ቢት ብሎ መሸጥ የሚቻለው ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጠቀሙም በሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ቀን ቀን ይሠራል፤ ሌሊትም ይሠራል። ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት ግን ይፈርሳል።

ይህም ገና ሠፈር ውስጥ ያለው ጥበት ነው። ከሠፈሩ ጣቢያ ወደ ከተማው ማዕከል፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም የባሕር በር የሌለን በመሆናችን በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ኬብሎች የሚወስደው መንገድ ሁሉ የጋራ ነው። የቱ ጋ እንደሚጣበብ የሚያውቀው አቅራቢው ብቻ ነው። አሁንም በመዳብ የስልክ መስመር የሚጠቀመው ደንበኛማ ጭራሽ አይነሳ፤ በዚያ መስመር ላይ የሚሠራው ኤዲኤስኤል ሁለት ፕላስ የተባለው አሠራር በወረቀት ላይ 24 ሜጋ ቢት ይደርሳል ቢባልም ቤቱ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ እየሟሸሸ ይሄዳል።

መጋራቱን አልቃወምም። ለእያንዳንዱ ቤት የብቻው መስመር ይዘርጋ ቢባል ዋጋውን ማንም አይችለውም። የሚያናድደኝ አንዱን አቅም ለስንት ሰው እንደሸጡት መደበቃቸው ነው። ከስንት ጎረቤት ጋር እንደምጋራ ውሉ ላይ አልተጻፈም፤ ማታ ስንት እንደማገኝ አልተጻፈም። የምከፍለው ገንዘብ ግን እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል፤ ቀን ካለፈም መስመሩ ይዘጋል። ቅዳሜ ገበያ ጤፍ የሚሸጥ ነጋዴ ሚዛኑ ጎድሎ ቢያዝና «ከፍተኛውን ነው የነገርኳችሁ፣ ቃል አልገባሁም» ቢል ማን ይሰማዋል? የኢንተርኔት ሻጩ ግን ይህንኑ በመድረክ ላይ፣ በማይክሮፎን ይናገራል፤ እኛም አጨብጭበን እንበተናለን።

ለማያስታውሱት፣ ማታ የሚባለው ሰዓት ትርፍ ሰዓት አይደለም። አሜሪካ ያለው ልጅ ከእናቱ ጋር የሚገናኘው ያኔ ነው፤ እዚያ እኩለ ቀን ገደማ ሲሆን እዚህ መሽቷል። ተማሪው የሚያጠናው ያኔ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በበይነ መረብ መስጠት በተጀመረበት አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ዳታ በክልላችን ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ያየ ሰውም በመስመር የሚመጣ ኢንተርኔትን ቅንጦት ብሎ አይጠራውም። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ከእውነት ቢደርሰን አንድ ጊጋ ባይት ፋይል በ13 ደቂቃ ተኩል ውስጥ ይወርዳል። ማታ ፍጥነቱ ወደ 2 ሜጋ ቢት ሲወርድ ያው ፋይል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሂሳቡ ግን አንዴም አይወርድም።

በመንገድ ቁፋሮ ፋይበር ይቆረጣል፣ መብራት ይጠፋል የሚለውን እቀበላለሁ። ይህ ግን ጭራሽ ለመቋረጥ ምክንያት ይሆናል እንጂ በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት ለመንቀራፈፍ አይሆንም። ቆፋሪ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አይቆፍርም።

ሌላው ዓለም ይህን ሰበብ ሰምቶ ጨርሷል። በብሪታንያ ድሮ ከመቶ ደንበኞች 10ሩ ብቻ የሚያገኙትን ፍጥነት ይዞ ማስተዋወቅ ይቻል ነበር። ከግንቦት 2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ግን የሚተዋወቀው ቁጥር ቢያንስ ግማሾቹ ደንበኞች በምሽቱ መጨናነቂያ ሰዓት የሚያገኙት መሆን አለበት። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 እስከ 4 ነው፤ ያውም ከእኛው ማታ ጋር የሚገጥም። በ2019 በተጀመረው አሠራር ደግሞ ፍጥነቱ ከተገባው ዝቅተኛ ልክ ወርዶ በ30 ቀን ውስጥ ካልተስተካከለ፣ በዚያ ደንብ የተስማማ አቅራቢ ደንበኛውን ያለ ቅጣት ይለቃል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ውሉ ላይ ዝቅተኛው፣ የተለመደውና ከፍተኛው ፍጥነት እንዲጻፍ ሕግ ያስገድዳል። እኛ የተነገረን ከፍተኛው ብቻ ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል አለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም አለ። እንግዲህ ባለሥልጣኑ መለኪያውን ይዞ ጎንደር ይምጣ፤ ፒያሳን፣ ማራኪን፣ አዘዞንና ሳሙና በርን ለየብቻ፣ በኬብል፣ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ይለካ። የተገኘው ቁጥር በድርጅቱ ቢሮ በር ላይ ይለጠፍ፤ ወርኃዊ ክፍያውም በዚያው ልክ ይታሰብ።

ይህ እስኪሆን ድረስ አዲስ ደንበኛ መመዝገቡ ይቁም። ያሉትን ማስተናገድ ያቃተው ድርጅት ቤት ለቤት እየዞረ ውል የሚያስፈርመው በየትኛው አቅሙ ነው? ከእንግዲህ በሠፈራችን የሚፈረመው እያንዳንዱ አዲስ ውል ከነባሩ ደንበኛ የማታ ድርሻ ላይ ተቆርሶ የሚሰጥ ነው፤ ሲቆረስ ደግሞ የጠየቀን የለም።